ትምህርት ቤት የወሰደውን ትምህርት ቤት ይመልስ



ዛሬ የምናገረው ከዚህ እጅግ ርቃ በምዕራብ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ስለተቀመጠች ደሴትና ስለ ባለቤቶቿ ቋንቋ ነው። ደሴቲቱን ዓለም ጉዋም ይላታል፤ ልጆቿ ግን ጉዋሃን ነው የሚሏት። ስፋቷ 544 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከአዲስ አበባ ጋር የሚቀራረብ ነው። በ2020 በተደረገው ቆጠራ 154 ሺህ ያህል ነዋሪ ተመዝግቦባታል፤ ከዚህ ውስጥ ቻሞሩ የተባለው የደሴቲቱ ነባር ሕዝብ አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። ከእሷ በስተ ሰሜን ሮታ፣ ቲኒያንና ሳይፓን የሚባሉ ደሴቶች አሉ፤ እነሱም የዚሁ ሕዝብ አገር ናቸው። ጉዋምም ሆነች ሰሜናዊ ማሪያናዎች የሚባሉት እነዚህ ደሴቶች ዛሬ በተለያየ አስተዳደር በአሜሪካ ሥር ይገኛሉ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገር።

የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። የቻሞሩን ቋንቋ ከልጆች አፍ ያራቀው ከማንም በላይ ትምህርት ቤት ነው፤ ሊመልሰው የሚችለውም ትምህርት ቤት ነው። ይሁንና እስካሁን በአብዛኛው እንደተሞከረው፣ ቋንቋውን ከሌሎች የትምህርት ዓይነቶች መካከል አንዱ አድርጎ በቀን ጥቂት ደቂቃ በመስጠት አይመለስም። ሒሳቡም፣ ሳይንሱም፣ የእረፍት ሰዓት ጨዋታውም በቻሞሩ የሚሆንበት፣ ማለትም ቋንቋው የመማሪያ ቋንቋ የሚሆንበት ትምህርት ቤት ያስፈልጋል። በእኛም አገር ከ1994ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ስለመማር ብዙ የተከራከርን ሰዎች ስለሆንን፣ አንድን ቋንቋ በመማርና በአንድ ቋንቋ በመማር መካከል ያለውን ርቀት ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አይከብድም።

ነገሩን ለመረዳት ግን ቋንቋው ምን ምን አልፎ እዚህ እንደደረሰ ማየት ይገባል። ማጄላን በ1521 በማሪያና ደሴቶች አለፈ፤ ሌጋስፒ በ1565 ለስፔን ንጉሥ ይዣቸዋለሁ ብሎ አወጀ፤ በ1668 ደግሞ ዲዬጎ ሉዊስ ዴ ሳን ቪቶሬስ የተባለው የኢየሱሳውያን ቄስ ከወታደሮች ጋር መጥቶ ሚስዮን ተከለ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሠላሳ ዓመት ገደማ የወሰደ ጦርነት፣ ሰው ሁሉ ከየመንደሩ ተነቅሎ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ በግድ እንዲሰፍር መደረጉና ከባሕር ማዶ የመጣ በሽታ ነበር። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የቀረው ቻሞሩ ከአምስት ሺህ በታች ነበር። አንድ ሕዝብ እንዲህ አልቆ ቋንቋው ቢጠፋ ማንም ባልገረመው። ቻሞሩ ግን አልጠፋም። ከስፔን፣ ከሜክሲኮና ከፊሊፒንስ የመጡት ወታደሮች የቻሞሩ ሴቶችን አገቡ፤ የተወለዱት ልጆች የተናገሩት የእናታቸውን ቋንቋ ነው። ሚስዮናውያኑም ትምህርተ ክርስቶሱን ለማስተማር ቋንቋውን መማር ነበረባቸው። ስለዚህ ቻሞሩ ከስፔን ብዙ ቃል ተቀበለ፤ ቁጥሮቹን ሳይቀር ለወጠ። ሃቻ፣ ሁግዋ፣ ቱሉ ብሎ ይቆጥር የነበረው ሕዝብ ኡኑ፣ ዶስ፣ ትሬስ ማለት ጀመረ። ሰዋስዉ ግን የራሱ ሆኖ ቀረ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሕፃናቱ ይናገሩት ነበር።

ለዚህ ጽናት ጥሩ ምስክር የሚሆኑት ቴቻ የሚባሉት ሴቶች ናቸው። ሰው ሲሞት ለዘጠኝ ሌሊት በሚደረገው ጸሎት መቁጠሪያውን ይዘው የሚመሩት እነሱ ናቸው፤ የሚመሩትም በቻሞሩ ነው። ቴቻዋ አንዱን ክፍል ትላለች፣ የተሰበሰበው ቤተ ዘመድ ቀሪውን ይመልሳል። ልማዱ ዛሬም አለ። ከወጣቶቹ ብዙዎቹ ግን የሚመልሱትን በቃላቸው ይዘውት እንጂ ገብቷቸው አይደለም፤ ጸሎቱ ሲያልቅና ምግቡ ሲቀርብ ወሬው በእንግሊዝኛ ይቀጥላል። በአንድ ግቢ፣ በአንድ ምሽት፣ ቋንቋው በአምልኮ ላይ ቆሞ ከዕለት ኑሮ ወጥቶ ይታያል። የሁለት መቶ ዓመት የስፔን አገዛዝ ያላደረገውን ይህን መለያየት ያደረገው ምንድን ነው?

ስፔን በ1898 በአሜሪካ ተሸንፋ ጉዋምን ለቀቀች፤ ደሴቲቱም በባሕር ኃይል ገዢዎች ሥር ገባች። በ1917 የወጣ ትእዛዝ እንግሊዝኛን ብቸኛው የመንግሥት ቋንቋ አደረገ፤ ቻሞሩ ለአስተርጓሚነት ካልሆነ በቀር በመንግሥት ሥራ ቦታ እንዳይነገር ከለከለ። ወዲያው በ1918 የባሕር ኃይሉ ሰው ኤድዋርድ ፎን ፕራይሲግ ያዘጋጀው የቻሞሩ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በዋሽንግተን ታተመ፤ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ግን ያንኑ መዝገበ ቃላት እየሰበሰቡ አቃጠሉት። በ1922 ክልከላው ወደ ትምህርት ቤት ገባ። ልጆች በክፍል ብቻ ሳይሆን በመጫወቻ ሜዳም ላይ በእናታቸው ቋንቋ እንዳይናገሩ ተከለከሉ፤ ሲናገሩ የተገኙት በገንዘብ ተቀጡ፣ ተገረፉ። እነዚህን ዓመታት ስንመለከት አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ክርክሬ በሙሉ የቆመው በእሱ ላይ ነው። የተገረፉት ልጆች ቋንቋቸውን አልረሱም። ዛሬ ማናምኮ እየተባሉ የሚከበሩት አዛውንት፣ ቋንቋውን አጥርተው የሚናገሩት የመጨረሻዎቹ ሰዎች፣ ያንኑ ክልከላ በልጅነታቸው ያዩ ወይም ካዩት የተወለዱ ናቸው። ቅጣቱ የሠራው ሥራ በልጅነታቸው አልታየም። የታየው ራሳቸው ወልደው አባትና እናት ሲሆኑ ነው።

በመካከሉ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ጃፓን ከታኅሣሥ 1941 እስከ ሐምሌ 1944 ጉዋምን ያዘች፤ አሜሪካ ስትመለስ ዋና ከተማዋ ሃጋትኛ በቦምብ ፈራርሳ ነበር። ከዚያ በኋላ ከደሴቲቱ መሬት ሰፊው ክፍል ለጦር ሰፈር ተወሰደ። መሬቱን ያጣው ገበሬና ዓሣ አጥማጅ ደመወዝተኛ ሆነ፤ ደመወዙም የሚገኘው በእንግሊዝኛ ነበር። በ1950 የአሜሪካ ዜግነት ተሰጠ። ከጃፓን መከራ የዳነ ሕዝብ ለአሜሪካ የነበረው ምስጋና እውነተኛ ነበር፤ እንግሊዝኛ መናገር የታማኝነትም የዕድገትም ምልክት ሆነ። በዚህ ጊዜ በትምህርት ቤት የተቀጡት ልጆች የልጆች ወላጆች ሆነዋል። እርስ በርሳቸው በቻሞሩ ያወራሉ፤ ወደ ሕፃኑ ዞር ሲሉ ግን በእንግሊዝኛ ይናገሩታል። ልጄ እኔ ያየሁትን አይይ ማለታቸው ነው። ማንም በዚህ ሊወቅሳቸው አይገባም። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ያደገው ትውልድ ቋንቋውን እየሰማ የማይመልስ ሆነ፤ የእሱ ልጆች ደግሞ በቤታቸው የሚሰሙትም አጡ። ዋሽንግተን ውስጥ የሚያድጉ የሐበሻ ልጆች አማርኛ ሲነገራቸው በእንግሊዝኛ የሚመልሱት በዚሁ መንገድ ነው፤ ልዩነቱ እዚያ ልጁ ወደ ሰው አገር ሄዶ መሆኑ ነው። ቻሞሩው የደረሰበት በገዛ ደሴቱ ላይ ነው።

እንግዲህ ትምህርት ቤት በቋንቋ ላይ ያለው ኃይል በአንድ ትውልድ ዘግይቶ የሚታይ ነው ማለት ነው። ልጁን በዚያው ቀን ቋንቋ አያስረሳውም፤ ነገ ወላጅ ሲሆን ለልጁ ምን እንደሚናገር ግን ይወስንለታል። ይህ በአፍራሽነቱ እውነት ከሆነ በገንቢነቱም እውነት መሆን አለበት። የትምህርት ቤት የቋንቋ ሥራ መለኪያው የዘንድሮው ፈተና ሳይሆን የተማሪው ቤት ነው፤ ያ ቤት ደግሞ ገና ወደፊት የሚቆም ነው።

በዚህ ዓይን የ1970ዎቹን ለውጥ እንመልከት። ያ ዘመን ለቻሞሩ የመነቃቃት ዘመን ነበር። ዶናልድ ቶፒንግ ከቤርናዲታ ዱንግካ ጋር በ1973 ሰዋስዉን አሳተመ፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ መዝገበ ቃላቱ ወጣ። በ1974 ቻሞሩ ከእንግሊዝኛ ጋር የጉዋም የመንግሥት ቋንቋ ሆነ። በ1977 በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሁሉ እንዲሰጥ በሕግ ታዘዘ፤ በ1991 ትእዛዙ ወደ ከፍተኛ ደረጃዎቹ ተሻገረ። በ1978 የደሴቲቱ ዋና ጋዜጣ በቻሞሩ የተጻፈ ማስታወቂያ አላወጣም ባለ ጊዜ ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ተቃወመ፣ ጋዜጣውም አቋሙን ለወጠ። ከሃምሳ ዓመት በፊት መዝገበ ቃላቱ በተቃጠለበት ምድር ይህ መደረጉ ትልቅ ነገር ነው፤ የሠሩትን ሰዎች ማመስገን ይገባል። ነገር ግን ውጤቱን እንይ። በ2000 ቆጠራ በቤታቸው ቻሞሩ እንደሚናገሩ የገለጹት 22.2 በመቶ ነበሩ፤ በ2010 ወደ 17.8 በመቶ ወረዱ። ያውም አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው። በግዴታው ትምህርት ውስጥ ያለፈው የመጀመሪያው ትውልድ በዚያን ጊዜ ልጆች ወልዶ ያሳድግ ነበር።

ምክንያቱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ አንድ ክፍለ ጊዜ መመልከት ይበቃል። በታችኞቹ ክፍሎች የተመደበው በቀን 20 ደቂቃ ያህል ነው። አስተማሪዋ ከሌላ ክፍል ትመጣለች፤ ልጆቹ ተነሥተው ሰላምታ ይሰጣሉ፤ አንድ መዝሙር ይዘመራል፤ የቀለሞች፣ የእንስሳት ወይም የቁጥሮች ስም ይደገማል፤ ሰዓቱ አለቀ። የትምህርት ዓመቱን 180 ቀን ብንል በዓመት 60 ሰዓት ይሆናል። አንድ ሕፃን ነቅቶ በሚውልበት ሰዓት ብናሰላው አምስት ቀን እንኳ አይሞላም። ልጁ ዓመቱን በሙሉ በእንግሊዝኛ ኖሮ ለአምስት ቀን ያህል ቻሞሩ ቢሰማ በቋንቋው ማሰብ ሊጀምር አይችልም። ቋንቋው ደግሞ በስም ዝርዝር የሚያዝ አይደለም። ቻሞሩ ግሱን ከውስጥ ነው የሚከፍተው። ሃናው የሚለው መሄድን ያመለክታል፤ ሁማናው ሲሆን ሄደ ይሆናል፤ ክፍለ ቃሉ ተደግሞ ሁማሃናው ሲባል እየሄደ መሆኑን ይናገራል። ሰበረን ሰባበረ፣ ተሰበረን ተሰባበረ እያልን ያደግን እኛ ይህን የመሰለ ነገር ማንም አስተምሮን እንዳላወቅነው እናውቃለን፤ ሺህ ጊዜ ሰምተነው ገባን። ሃያ ደቂቃው ለልጁ ሺህ ጊዜ የመስማት ዕድል አይሰጠውም። የሰጠው ሌላ ነገር ነው። ልጁ ወደ አዛውንቱ እጅ ጎንበስ ብሎ ለወንዱ ኞት፣ ለሴቷ ኞራ ማለትን ያውቃል፤ በቻሞሩነቱ አያፍርም፤ ቋንቋውን ይወደዋል። በክልከላው ዘመን ያደገው ወላጅ ችሎታው እያለው ልቡ ተሰብሮ ዝም አለ። በግዴታው ትምህርት ያለፈው ወላጅ ልቡ ተጠግኖለት ችሎታው ስለሌለው ዝም ይላል። ለሕፃኑ ጆሮ የሚደርሰው ግን ያው ነው።

ሌላ መንገድ መኖሩን የፓስፊክ ጎረቤቶቻቸው አሳይተዋል። በኒው ዚላንድ ማኦሪዎች በ1982 ኮሃንጋ ሬዮ፣ የቋንቋ ጎጆ፣ ያሉትን የመጀመሪያ የሕፃናት ማቆያ ከፈቱ፤ ቋንቋውን የሚያውቁ አያቶች ሕፃናቱን ቀኑን ሙሉ በማኦሪ ያሳድጋሉ። በአሥር ዓመት ገደማ ከ14 ሺህ የሚበልጡ ሕፃናት ገቡበት። በሃዋይ ቋንቋው ከትምህርት ቤት የተባረረው በ1896 ነበር፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ሆነው የሚናገሩት ልጆች ሃምሳ አይሞሉም ይባል ነበር። ከ1984 ጀምሮ ፑናና ሌዮ የተባሉት መዋዕለ ሕፃናት ተከፈቱ፣ በ1987 የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተቀበሏቸው፣ በ1999 ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሃዋይኛ የተማሩ ልጆች ሁለተኛ ደረጃን ጨረሱ። ዛሬ ከእነዚህ ተመራቂዎች መካከል ልጆቻቸውን ከተወለዱ ጀምሮ በሃዋይኛ የሚያሳድጉ፣ በዚያው ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ አሉ። ከላይ መለኪያው የተማሪው ቤት ነው ያልኩት ይህን ነው። የማኦሪው ታሪክ ማስጠንቀቂያም አለበት፤ ከ1993 በኋላ በቋንቋ ጎጆዎቹ ያለው የሕፃናት ቁጥር ቀነሰ። ከማቆያው የወጣ ሕፃን የሚቀጥለው ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ከሆነ ቤተሰቡ የደከመበት ብዙም ሳይቆይ ይባክናል። ስለዚህ ሥራው መዋዕለ ሕፃናት ከፍቶ የሚቆም አይደለም፤ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚዘልቅ መሰላል መሆን አለበት።

በጉዋምም ይህ ተጀምሯል። በ2005 አና ማሪ አርሴዮ የተባሉት መምህርት ሁራው የተባለውን የቋንቋ ካምፕ አቋቋሙ፤ ስሙ በ1671 ሕዝቡን በስፔን ላይ ካነሣሣው መሪ የተወሰደ ነው። በዚያ ልጆች ከገቡበት ሰዓት እስከሚወጡበት ድረስ የሚሰሙት ቻሞሩ ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ የመንግሥቱ ትምህርት ክፍል ፋኔያካን ሲኒፖክ በሚል ስም ከመዋዕለ ሕፃናት የሚጀምር፣ በቻሞሩ የሚያስተምር ፕሮግራም ከፍቷል። ሁለቱም ጥቂት ልጆችን ነው የሚይዙት። ጥቂት ናቸውና አይረቡም ማለት ግን የሃዋይን የመጀመሪያ ክፍሎች አለማስታወስ ነው።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ። ከሁሉ ጠንካራው በምሁራን በኩል የሚመጣው ነው። ጆሹዋ ፊሽማን በ1991 ባወጣው መጽሐፍ አንድ ቋንቋ የሚኖረው በቤት ውስጥ ከወላጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ መሆኑን አስረግጦ ጽፏል፤ ያ ሳይኖር በትምህርት ቤትና በመገናኛ ብዙኃን ላይ መድከም መሠረት የሌለው ነው አለ። ተቃዋሚዎች አየርላንድን ይጨምራሉ። የአየርላንድ ልጆች ከነጻነት ወዲህ ለመቶ ዓመት ያህል አይሪሽን በግዴታ ተምረዋል፤ በ2022 ቆጠራ ወደ 1.9 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው እችለዋለሁ አለ፤ ከትምህርት ቤት ውጭ በየቀኑ የሚናገረው ግን 72 ሺህ ያህል ብቻ ነው። ማስረጃው እውነት ነው፤ እኔም እጠቅሰዋለሁ። የሚያስረዳው ግን የእኔኑ ሐሳብ ነው። ያ ሁሉ ትውልድ አይሪሽን የተማረው በአመዛኙ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ነው። በዚያችው ደሴት ሰሜናዊ ክፍል በቤልፋስት፣ ሾው መንገድ በሚባለው ስፍራ፣ ጥቂት ወጣት ቤተሰቦች በ1960ዎቹ መጨረሻ ተሰባስበው አይሪሽ የሚናገሩበት ሰፈር ሠሩ፤ በ1971 ልጆቻቸው ሁሉን በአይሪሽ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ከዚያ የተነሣው ትምህርት በሰሜን አየርላንድ ተስፋፋ። የፊሽማን ሐሳብ የቤትን ቀዳሚነት በተመለከተ ትክክል ነው። ነገር ግን በጉዋም ዛሬ ቤት እንዴት ይጀምራል? የሠላሳ ዓመቷ እናት ልጇን በቻሞሩ አሳድጊ ብንላት በምን ቃል? የተበጠሰው ሰንሰለት ከእሷ በፊት ነው የተበጠሰው። ልጆችን በየቀኑ ለረጅም ሰዓት፣ ለአሥራ ሁለት ዓመት፣ በአንድ ቦታ የሚሰበስብ ሌላ ተቋም የለም። ትምህርት ቤቱ የሚሠራው የነገውን ቤት ነው። የዛሬውንም ቤት አይተወውም፤ በኮሃንጋ ሬዮም በፑናና ሌዮም ወላጆች ክፍያ ከፍለው የሚሄዱ ደንበኞች አይደሉም፣ በሥራው እንዲካፈሉና ራሳቸውም ቋንቋውን እንዲማሩ ይጠበቅባቸዋል። ጉዋም ከዚህ ማንኛውንም ነገር ብትቀንስ ይህን መቀነስ የለባትም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከወላጆች የሚመጣ ነው፤ ከእንጀራ ጋር ስለሚገናኝ በአክብሮት መመለስ አለበት። ልጄ በቻሞሩ ተምሮ በእንግሊዝኛ ወደ ኋላ ቢቀርስ? ኮሌጅ ቢከለከልስ? ከጉዋም ብዙ ወጣት ወደ አሜሪካ ጦር ይገባል፤ በአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች የሚኖረው ቻሞሩ ከ140 ሺህ በላይ ነው፣ በደሴቲቱ ካለው ይበልጣል። ስለ እንግሊዝኛ መጨነቃቸው ከዚህ የመጣ ነው። መልሱ ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የቆየ ማስረጃ አለው። በካናዳ ሴንት ላምበርት በ1965 የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች በፈረንሳይኛ ብቻ ትምህርት ሲጀምሩ የማክጊል ዩኒቨርሲቲው ዋላስ ላምበርትና ባልደረባው ተከታትለው አጠኗቸው፤ የልጆቹ እንግሊዝኛ አልተጎዳም። በሃዋይ የመንግሥት ፕሮግራም እንግሊዝኛ እንደ ትምህርት የሚገባው ከአምስተኛ ክፍል ነው፤ ልጆቹ ዩኒቨርሲቲ ይገባሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በሆኖሉሉም ሆነ በጉዋም ቴሌቪዥኑ፣ ስልኩ፣ ሱቁና መንገዱ እንግሊዝኛ ነው። ልጅ ከእንግሊዝኛ ሊያመልጥ አይችልም። ከትምህርት ቤት ውጭ የማያገኘው ቻሞሩን ነው። የትምህርት ቤት ሰዓት ደግሞ ውድ ስለሆነ፣ ልጁ በሌላ ቦታ ለማያገኘው ነገር ቢውል ይሻላል።

ቻሞሩ በገዛ አገሩ ከሕዝቡ አንድ ሦስተኛ ሆኖ ሳለ ቋንቋውን በሌላው ላይ መጫን ተገቢ ነውን የሚሉም አሉ፤ በተለይ ከፊሊፒንስ የመጡት ቤተሰቦች ብዙ ስለሆኑ። በቻሞሩ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ግን ፈልጎ ለሚገባ ቤተሰብ የሚከፈት ነው፤ ማኦሪዎችም በአገራቸው አናሳ ናቸው። ሌላው አስተያየት ቋንቋው በስፔን ቃላት ተቀላቅሏል፣ እንዴት ይጻፍ በሚለውም ስምምነት የለም የሚል ነው። በእርግጥ ጉዋም በ1983 ያጸደቀችው አጻጻፍና የሰሜናዊ ማሪያናዎች አጻጻፍ ይለያያል፤ ለአንድ ሕዝብ ሁለት ዓይነት የልጆች መጽሐፍ ማሳተም ገበያውን በሁለት ይከፍላል፤ ቢስማሙ እጅግ ይጠቅማቸው ነበር። ለማስተማር ግን ስምምነቱን መጠበቅ አያስፈልግም። የመቀላቀሉ ነገር የሚያሳስበኝ በሌላ በኩል ነው። አዛውንቱ ወጣቱ ሲሳሳት ከሳቁበት፣ ወይም ተማሪው ሃቻ፣ ሁግዋ የሚለውን የጥንቱን ቁጥር ሲጠራ ይህ የእኛ አይደለም ካሉት፣ ልጁ ወደማይሳቅበት ቋንቋ ይመለሳል። በብዙ ደሴት የተመሰከረ ነገር ነው። ወጣቶች የሚናገሩት ቻሞሩ ከአያቶቻቸው ይለያል፤ የአያቶቻቸውም ከስፔን በፊት ከነበረው ይለያል። ማረም ይገባል፤ ማሳፈር ግን የ1922ቱን ሥራ በሌላ እጅ መሥራት ነው።

የመጨረሻውና እኔም ከባድ ነው ብዬ የማምነው የአስተማሪ ጥያቄ ነው። መሣሪያውማ ሞልቷል፤ ሰዋስው አለ፣ መዝገበ ቃላት አለ፣ የጉዋም ዩኒቨርሲቲ የቻሞሩ ጥናት ትምህርት አለው፣ በየዓመቱ ተማሪዎች በቻሞሩ የሚወዳደሩበት መድረክ አለ። በጽሑፍ መቀመጥ ብቻውን ምን ያህል እንደሚያተርፍ ግን የራሳችን አገር የጋፋት ቋንቋ ያሳያል። ተጓዡ ጄምስ ብሩስ በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን መኃልየ መኃልይን በጋፋትኛ አስተርጉሞ ወሰደ፤ የቋንቋ ምሁሩ ቮልፍ ሌስላው በ1947 ሲመጣ ያገኘው አራት ተናጋሪዎችን ነበር፤ ዛሬ ማንም የለም፤ ብራናው ግን ኦክስፎርድ ተቀምጧል። ጋፋትኛን የተካው ደግሞ አማርኛ ነው፤ ስለዚህ እኛ ስለ ትልቅ ቋንቋ ጉልበት ከውጭ ሆነን አንናገርም። ለጉዋም የሚያስፈልገው ሰው ነው፤ ሒሳብ ማስተማር የሚችል፣ በዚያ ላይ ቻሞሩን ሳያስብ የሚናገር ሰው። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ጥቂት ነው። አዛውንቱ ቋንቋው አላቸው፣ የመምህርነት ወረቀት የላቸውም፤ ወጣቱ ወረቀቱ አለው፣ ቋንቋው ገና ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ክፍል ሁለቱ ጎን ለጎን መቆም አለባቸው። ወጣቱ ትምህርቱን ሲመራ አዛውንቷ ከልጆቹ ጋር ትናገራለች፤ ወጣቱም እየሠራ ይማራል።

ይህ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ከየት ይምጣ ለሚለውም የማያስደስት መልስ አለኝ። ጥሩ ተናጋሪ የሆኑት የቻሞሩ አስተማሪዎች ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ተበትነው በቀን ብዙ ክፍል እየዞሩ ሃያ ሃያ ደቂቃ ይሰጣሉ። የተሻሉት ተናጋሪዎች ከዚያ ወጥተው በቻሞሩ ወደሚያስተምሩት ክፍሎች መግባት አለባቸው። የሃያ ደቂቃው ትምህርት ለሁሉም ልጅ ሰላምታና አክብሮት ስለሚያስተምር ይቀጥል፤ ነገር ግን ለዚያ ገና በመማር ላይ ያሉ አስተማሪዎችም ይበቃሉ። በአንዳንድ ትምህርት ቤት ይህ ቅሬታ ያስነሣል። ሆኖም በቋንቋው የሚናገሩ አርባ ልጆችን ማውጣት፣ ዐሥር ሺህ ልጆችን ሰላምታ ከማስተማር ለነገው ቤት የበለጠ ይሠራል።

አዛውንቱን ወደ ክፍል ለማስገባት ደግሞ የሃዋይን መንገድ መከተል ይቻላል። በ1986 የሃዋይ ምክር ቤት በትምህርት ቤት የነበረውን የቋንቋ ክልከላ ሲያነሣ፣ የፑናና ሌዮ አስተማሪዎችንም ከተለመደው የምስክር ወረቀት ግዴታ ነጻ አደረጋቸው። ያ ሕግ ባይወጣ ኖሮ በጊዜው ቋንቋውን ከሚያውቁት አብዛኞቹ በሩን አያልፉም ነበር። በጉዋም ከጦርነቱ በፊት የተወለዱት ተናጋሪዎች ከሰማንያ ዓመት አልፈዋል። የደሴቲቱ ምክር ቤት እነዚህን ሰዎች በቋንቋ መምህርነት ሊቀጥር፣ ሙሉ ደመወዝ ሊከፍል፣ ከየቤታቸው አምጥቶ የሚመልሳቸው መኪና ሊመድብ ይችላል። የሚቀጥለው የትምህርት ዓመት በጀት ላይ ቢገባ ከእነሱ ብዙዎቹ ይደርሳሉ፤ በአሥር ዓመት ዕቅድ ውስጥ ቢገባ ግን ክፍሉ ይከፈታል እንጂ የሚያስተምሩት አይኖሩም።